በስተቀኝ ያለው

ፊቱን ብቻ ነው የወሰዱት። የቀረውን የሲሚንቶ ሰውዬ አልነኩትም። ሰማያዊ የሥራ ጃኬቱ፣ በእጁ የያዘው መፍቻ፣ ከእግሩ ሥር የተቀረጸው ስሙ፣ ሁሉም እንዳለ አለ። ከግንባሩ እስከ አገጩ ግን ተከስክሶ የአርማታው ሽቦ ወጥቷል። ከጭንቅላቱ የተረፉት ኋላውና ሁለት ጆሮዎቹ ናቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በፖሊስነት ስኖር የሞተ ሰው ሲደበደብ ያየሁት ያን ቀን ነው። አርብ ጠዋት፣ የግንቦት ሦስተኛ ሳምንት፣ በባሕር ዳር ካሉት የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ መካነ መቃብር። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ የሚናገር ስለሆነ ሌሊቱን ሲነግረኝ አድሮ ነበር፤ እንቅልፍ አልነበረኝም።

የደወለችልን ዜማ ናት፤ ሐይቁ ዳር በሐጂ ሙሀመድዘይን ፎቶ ቤት የምትሠራ ልጅ። ሐጂ አርብ አርብ ስለሚዘጉ እሷ በዕረፍቷ ካሜራዋን አንግታ በመቃብሮቹ መሐል እየዞረች ሐውልት ታነሳለች። ሰው የሚዝናናበት ነገር አይታወቅም። «ጋሽ ክንዱ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ ፊት ነበረው» አለችኝ፣ ፊቱን እኔ የወሰድሁት ይመስል እየተቆጣች።

ዘበኛው ምርመራውን ጨርሶ ነው የጠበቀኝ። ትናንት ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ እሱ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ነበር። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አጠገቡ ቤት ቢፈርስ አይሰማም። ዝናቡ ጋብ ሲል ብቅ ቢል፣ የሟቹ እናት እማማ አገርነሽ በስብሰው ከመቃብሩ በኩል ሲመጡ አያቸው። «እሰይ፣ እሰይ» እያሉ ነበር። ሐውልቱ ባለፈው ሳምንት በሙት ዓመቱ ከተመረቀ ጀምሮ በየቀኑ እየመጡ «ይህ የኔ ልጅ አይደለም፣ አፍርሱልኝ» ሲሉ ሰንብተዋል። ሰው ሁሉ «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» እያለ አለፋቸው።

ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። እኔ ግን ስብርባሪውን ፈለግሁ። መሬቱ ላይ ከጥፍር የማይበልጥ ፍርፋሪ እንጂ አፍንጫ የለም፣ አገጭ የለም፣ ግንባር የለም። የተቆጣ ሰው ይሰብራል፤ ጎንበስ ብሎ ለቅሞ አይወስድም።

ስሙን ሳነብ ደግሞ ሌላ ድካም መጣብኝ። ይትባረክ። የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ አምና ግንቦት 12 ቀን፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ጣና ላይ ሰጥሞ ሞተ። መዝገቡን የዘጋሁት እኔ ነኝ። «ጀልባ ተከራይቶ ብቻውን ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ ጀልባው ተገልብጦበት» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈርሜ ምሳዬን በላሁ።

ኮማንደሩ በስልክ አልታገሠኝም። ከተማው ስንት ጣጣ ተሸክሞ አንተ የሲሚንቶ ፊት ትፈልጋለህ ወይ አለኝ፤ እናትየዋ ናቸው ብለህ ጻፍና ነገ ጠዋት ዝጋው። እውነቱን ለመናገር እኔም መዝጋቱን ወድጄው ነበር። ለጡረታዬ አራት ወር ቀርቶኛል፤ የቀረኝን ጉልበት የምቆጥብበት ጊዜ ነው።

*

እማማ አገርነሽ የሚኖሩት ግሽ አባይ ሰፈር፣ የልጃቸው ሚስት ቃልኪዳን ዘንድ ነው። ቃልኪዳን በአንድ ኮሌጅ ጸሐፊ ናት። እማማ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው የረጠበ ነጠላቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ይጠብቁታል።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት የሰበሩት?» አልኋቸው።

«እኔ አልሰበርሁትም። ተሰብሮ ሳገኘው ግን እሰይ ብያለሁ፤ አልዋሽህም።»

«ለምን?»

«ልጄ አይደለማ! ባዳ ሰው በልጄ መቃብር ላይ አቁመው አልቅሽበት አሉኝ። ጆሮውን አላየኸውም? እኔ እኮ ጡት ሳጠባው ጆሮውን ስደባብስ ነው የኖርሁ። የልጄ ጆሮ ልሙጥ ነው። ያ የቆመው ሰውየ ጆሮው ጠርዝ ላይ ሽምብራ የሚያህል ጉብ ያለ ነገር አለው።»

ሲሚንቶ እኮ ነው፣ ሲሚንቶ እብጠት አያጣም አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። አምና ሐይቁ ዳር ሦስት ቀን ሬሳ ሲጠብቁ «ልጄ ውሃ ይፈራል፣ ብቻውን አይገባም» ብለውኝ፣ እኔም «እንግዲህ ገብቷል» ስላቸው እንዲሁ ነበር ያዩኝ።

ቃልኪዳን ወደ ደጅ ወሰደችኝ። ነገ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት መኪና እንደሚመጣና አማቷን ራቅ ወዳለ ጠበል ወስዳ እዚያው እንደምታቆያቸው ነገረችኝ። ሌሊት አይተኙም፣ ቀን መቃብር ነው የሚውሉት፣ ጎረቤቱም የመከራት ይህንኑ ነው። ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። ሐውልቱ የተሠራበትን ፎቶ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት፤ ጠፍቶብኛል አለች። የሰው ዓይን ሲሸሽ ኀዘን ነው ብሎ ማለፍ ልማዴ ሆኗልና አለፍሁት።

በሩን ስወጣ ግን ነገሩ ከበደኝ። እኔ «እናትየዋ ናቸው» ብዬ ከፈረምሁ እኒህ ሴት በፖሊስ ማኅተም እብድ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል ቢናገሩ የሚሰማቸው የለም። ያለኝ ጊዜ እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ነው።

*

ወደ መቃብሩ ስመለስ ዜማ አልሄደችም። ያነሳችውን ሁሉ ላሳይዎት ብላ በሐውልቶቹ መሐል ይዛኝ ዞረች። እኔ እዚያ ግቢ ስንት ጊዜ ለቀብር ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። መሪ የጨበጠ የአውቶቡስ ሹፌር አለ፤ ዝናብ መሪውን አጥቦት ቀይ ቀለሙ ደረቱ ላይ ወርዷል። ጠመኔ የያዘች አስተማሪ አለች፤ ጠመኔው ተሰብሮ ጣቷ ብቻ ቀርቷል። በሠርጓ ልብስ የቆመች ልጅ አለች፤ ቬሎዋን ሸረሪት ሌላ ቬሎ ደርቦበታል። ጸናጽል ያነሣ ዲያቆን አለ፤ ወፍ ክንዱ ላይ ጎጆ ሠርታለች። ዜማ እያንዳንዱን እንደ ዘመድ ታስተዋውቀኛለች፤ ይህ የእገሌ እጅ ነው፣ ያ የእገሌ ነው ትላለች።

«የመሪጌታ ፍቅረ ማርያምን ሥራ በጆሮ ነው የማውቀው» አለችኝ። «ሌሎቹ ጆሮን እንደ ቁራሽ ዳቦ ይለጥፉታል። እሳቸው መጀመሪያ የሚሠሩት ጆሮ ነው። ፊት ይስቃል፣ ያኮርፋል፤ ጆሮ ግን ያው ነው ይላሉ። ይሄም የሳቸው ነው።»

ካሜራዋን አስጠጋችልኝ። በምረቃው ማግስት ያነሳችው ነው። ሙሉ ፊት ያለው፣ ፂሙን የከረከመ፣ ፈገግ ያለ ሰው። ምስሉን አቅርባ አቅርባ ጆሮው ላይ አቆመችው። ከላይኛው ጠርዝ ላይ ሽምብራ የምታህል ጉብታ አለች። ወደ ሐውልቱ ዞሬ በጣቴ ዳሰስኋት። አለች። ሲሚንቶ ያበጠ አይደለም፤ በመሮ ተጠንቅቀው ያወጧት ናት።

ለካ እማማ እንደሚያይ ሰው ነበር የተናገሩት። ጆሮዬ ጋለ።

ስንለያይ ዜማ አንድ ነገር ጨመረች። በምረቃው ቀን ጨርቁ ሲገፈፍ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ ከፋብሪካው ከመጡት ሠራተኞች ጥቂቶቹ ከኋላ ሆነው ሲሳሳቁ አይታለች። «አፈርኩባቸው» አለችኝ። በምን እንደሳቁ ግን አልሰማችም።

*

መሪጌታ ፍቅረ ማርያም የሚሠሩት ሹም አቦ ሰፈር፣ ከቤታቸው ጓሮ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ወደ ሐውልት የዞሩ ሰው ናቸው። ዘበኛው በምረቃው ቀን እሳቸውና ቃልኪዳን ጥግ ይዘው ሲነጋገሩ፣ እሷም ስታለቅስ አይቻለሁ ብሎኛል። የማይመስል ሐውልት የሠራ ሰው ስሙን ለማዳን ሥራውን ሊሰብር ይችላል፤ እንዲህ ብዬ ነበር የሄድሁት።

ሲሰሙኝ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ሐሙስ ዳንግላ እንደነበሩ፣ ሐውልት ሲያስተክሉ እንደዋሉ ነገሩኝ። ያሠሯቸው ካህን ስልካቸውን አንስተው፣ ሐውልቱ እስኪቆም ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኖብን ነበር ሲሉ አረጋገጡልኝ። ይህም በር ተዘጋ።

«ታዲያ መሪጌታ፣ እናቱ ልጄን አይመስልም ይላሉ።»

«እኔ ሟቹን በሕይወቱ አላየሁትም። ያየሁትን ፎቶ ነው የሠራሁ። ልጅቱ ፎቶውን እዚህ ለባለቤቴ ሰጥታ፣ እኔ ዳንግላ ሳለሁ ደወለችልኝ። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ባሌ በስተቀኝ ያለው ነው አለችኝ። በስተቀኝ ያለውን ሠራሁ። ከፀጉሩ እስከ ጆሮው አላጎደልሁበትም።»

«በምረቃው ቀን ምን አለችዎት?»

«አለቀሰችብኝ እንጂ ምን ትላለች። ፎቶውንም መልሳ ወሰደች። ለአማቴ ምንም እንዳይነግሯት አለችኝ። ምን እንደምነግራት እንኳ እኔ አላውቅም።»

ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ አያውቁም። ሁለቱም አንድ ዓይነት የሥራ ጃኬት ለብሰው ነበር አሉኝ። ስለዚህ ወደ ፋብሪካው ሄድሁ።

*

የይትባረክ የቅርብ ጓደኛ ኪሩቤል የሚባል የፈረቃ ኃላፊ ነው። መዋጮ አሰባስቦ ሐውልቱን ያሠራው እሱ ነው፤ አምናም ሬሳው እስኪገኝ ሦስቱንም ቀን ሐይቁ ዳር ከእማማ አጠገብ ተቀምጦ ጥላ ሲይዝላቸው አይቼዋለሁ። የዚያን ጊዜ ቃሉን ስቀበለው፣ በዕለቱ የአባቱን የመስኖ ስንዴ ለማሳጨድ ቆጋ ነበርሁ ብሎኛል። ጓደኛው ብቻውን ሄዶ በመሞቱ ይቆጨው ነበር።

ማሽኖቹ ሲጮኹ ሰው ከራሱ ጋር እንኳ አይነጋገርም። ኪሩቤል ጆሮዎቹን በትልልቅ የጩኸት መከላከያ ሸፍኖ ነበር፤ አንደኛውን ገለጥ አድርጎ እየሰማኝ፣ እኔም እየጮኽሁ አወራን። ሐውልቱ በመሰበሩ እንዳዘነ፣ ሠራተኛው አዋጥቶ እንደሚያሠራው፣ አዲሱ ግን ፊት ባይኖረው፣ ስሙ ብቻ ቢጻፍበት እንደሚሻል ነገረኝ።

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርህ?»

«እዚሁ። ፈረቃዬ ነው፣ ከስምንት እስከ ሁለት።»

የመግቢያ ካርዱን አየሁት፤ ሰዓቱ ልክ ነው። በምረቃው ቀን ሠራተኞቹ በምን እንደሳቁም ጠየቅሁት። የፋብሪካ ሰው በምኑም ይስቃል አለኝና መከላከያውን መልሶ ሥራው ላይ ጎንበስ አለ።

ዐሥር ሰዓት ሆነ። በእጄ ያለው አንድ ጆሮ ብቻ ነው። ጣቢያ ገብቼ የእማማን ስም ጽፌ ልገላገል ብዬ መንገድ ጀመርሁ። መንገዴ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነበርና፣ ሽማግሌ ሲደክመው እንደሚያደርገው፣ ጫማዬን አውልቄ ገብቼ ከአንዱ አምድ ሥር ተቀመጥሁ።

ፊት ለፊቴ የስቅለቱ ሥዕል አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥዕል ነው፤ ጽሑፉን ግን የዚያን ቀን አነበብሁት። ከአንደኛው ወንበዴ ራስ በላይ «ፊያታዊ ዘየማን» ይላል። የቀኙ ወንበዴ፣ በመጨረሻ ሰዓት የጸደቀው። እጄን አነሳሁ፤ ይህ ቀኜ ነው። ፊያታዊ ዘየማን ግን ያለው በግራዬ በኩል ነው። እመቤታችንም በልጇ ቀኝ ቆማለች ይባላል፤ ለእኔ በግራዬ ናት።

በሥዕል ቤት ቀኝ ማለት የተመልካች ቀኝ አይደለም፤ የተሰቀለው የጌታ ቀኝ ነው። መሪጌታ አርባ ዓመት ሲሥሉ የኖሩት በዚህ ቀኝ ነው። የኮሌጅ ጸሐፊ ደግሞ ቀኝ የምትለው የራሷን ቀኝ ነው።

ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላስር ወጣሁ።

*

ቃልኪዳን በሩን ስትከፍት «በስተቀኝ ያለው ብለሽ ነው የነገርሻቸው» አልኋት። ሌላ ምንም አላልሁም። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች።

ጨርቁ ሲገፈፍ ወዲያው ነው ያወቀችው። ባሏ አይደለም፤ አብሮት የተነሳው ጓደኛው ኪሩቤል ነው። ስህተቱ በማን እንደሆነ አልገባትም፣ የተናገረችው ግን እሷ ናት። ሠራተኛው አዋጥቶበታል፣ ካህናቱ ባርከውታል፣ ሰው ቆሞ ያለቅሳል። አማቷ «ልጄ አይደለም» ብለው ሲጮኹ፣ እውነታቸውን ነው የሚለውን ቃል አላወጣችውም። አንድ ቀን ዝም አለች፤ ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ከበዳት። ከዚያ ወዲያ እማማ እብድ መሆን ነበረባቸው።

«እብድ አይደለችም፤ አውቃለሁ» አለችኝ። «ሳያት ግን አፍራለሁ። ጠበል የምወስዳት ለሷ ብዬ አይደለም።»

ፎቶውን ቀዳድዳ ጥላዋለች። ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት፣ ቤት ያለው የመታወቂያ ፎቶ ብዥ ያለ ስለነበር ሐይቁ ዳር ፎቶ ቤት ጠይቃ፣ ሐጂ ሙሀመድዘይን ሳይወሰድ የቀረ ፎቶ ፈልገው እንደሰጧት ነገረችኝ። መቼ የተነሳ እንደሆነ አልጠየቀችም። ያ የሚጠየቅ ነገር መሆኑ አልታያትም።

ሐጂ የሚኖሩት ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ነው። የዕረፍት ቀናቸው ቢሆንም ከፍተው አስገቡኝ። ደንበኛ የረሳውን ፎቶ አይጥሉም፤ ሰው ይመጣል ብለው በካርቶን ያኖሩታል። እንዳልዘገይ ብለው ራሳቸው ጎንበስ ብለው መፈለግ ጀመሩ። ሐሙስም እንዲሁ በጨለማ ስፈልግ ዋልሁ አሉኝ፤ በረዶው መብራቱን አጥፍቶት ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ከተማው በሙሉ ቆሞ ነበር።

መብራት ከሌለ ማሽን የለም። ማሽን ከሌለ ኃላፊው የት እንዳለ ማን ያያል? የመግቢያ ካርድ ሰው መግባቱን እንጂ በመሐል መውጣቱን አይናገርም።

«ይኸውና» አሉ ሐጂ። «ሁለት ሰው ሲነሳ ሁለት እናጥባለን። አንዱን ሚስቱ ወሰደች፤ ይህ የጓደኛው ድርሻ ነው። እሱ ግን አልመጣም።»

ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ጃኬት፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ ከኋላቸው ጣና። በኔ ቀኝ ይትባረክ፣ በግራዬ ኪሩቤል። ከጀርባው በሐጂ እርሳስ የተጻፈው «ግንቦት 12፣ 9 ሰዓት» ይላል። በመዝገቤ ይትባረክ ጀልባውን የወሰደው ግንቦት 12 ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኪሩቤል ደግሞ ያን ቀን ቆጋ ስንዴ ሲያሳጭድ ውሏል።

*

ቅዳሜ ማለዳ፣ አምና ጀልባው ከተገኘበት ዳርቻ ጠበቅሁት። ሰው ልኬ ነው ያስጠራሁት፤ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር መጣ። እነሱን ራቅ አድርጌ ድንጋይ ላይ አጠገቤ አስቀመጥሁት። እንቦጩ ውሃውን ሸፍኖ አረንጓዴ ሜዳ አስመስሎታል። ማሽን የለም፣ የጩኸት መከላከያም የለም። ጆሮውን በቅርብ አየሁት፤ ሽምብራይቱ ቦታዋ ላይ ናት።

ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አኖርሁለት። ብዙ አላየውም።

«ፊትህን ሰብረህ ጆሮህን ተውኸው» አልሁት።

እጁን ወደ ጆሮው ሰደደና ዳበሰው። «የራሴን ጆሮ መች አውቀዋለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም፤ እሱ ነው ያወራው። ያን ቀን ለፋብሪካው ቆጋ እሄዳለሁ ብሎ ፈቃድ ወስዶ፣ ከይትባረክ ጋር ሊዝናኑ ወጡ። እንዳይታይ ብሎ ጀልባው ላይ የወጣው ዳር ከበቀለው ደንገል ማዶ ነው፤ ባለጀልባውም ለዚህ ነው አንድ ሰው ብቻ አየሁ ያለው። ይትባረክ ውሃ ይፈራል። ና አትፍራ፣ እኔ አለሁ ያለው እሱ ነው። መሐል ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ፣ ጀልባው ተገለበጠ።

«መዋኘት አይችልም። እግሬን ያዘኝ። ይዞኝ ሲወርድ ረገጥሁት» አለ ኪሩቤል። «አንድ ጊዜ ስረግጠው አልለቀቀኝም። ሁለተኛውን ስረግጠው ለቀቀኝ።»

«የሰጠመበትን ቦታ ታውቅ ነበር። እኛ ሦስት ቀን በሌላ በኩል ፈለግን።»

«አውቅ ነበር። ቆጋ ነኝ ብዬ ነበር፤ ቆጋ ሆኜ እንዴት ላሳያችሁ? ከእናቱ አጠገብ ተቀምጨ ጥላ ያዝሁላት። ሌላ የማደርገው አጣሁ።»

ጨርቁ ሲገፈፍ የራሱን ፊት በይትባረክ መቃብር ላይ አየ። ከኋላው የቆሙት ጓደኞቹ «ኪሩቤል፣ አንተን ነው የሠሩህ» ብለው ትከሻውን እየመቱ ሳቁ። የሳቁት በዚህ ነበር። ስምንት ቀን እህል አልወርድለት አለ። ያን ፎቶ የሚያስታውስ ሰው ይመጣል ብሎ ፈራ፤ ከዚህም ይልቅ ፊቱ እዚያ መቆሙን አልቻለውም። ሐሙስ መብራት ሲጠፋ በኋላ በር ወጥቶ፣ በረዶው ሲወርድ ሰብሮ፣ ስብርባሪውን በከረጢት አድርጎ እዚህ ውሃ ውስጥ ጣለው። እማማ በቤተ ክርስቲያኑ የእናቶች በር ጋ ተጠልለው ነበር፤ አላዩትም።

ሕጉ ይህን ምን ብሎ እንደሚጠራው ዐቃቤ ሕግ ይጨነቅበት። እኔ ስነሣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ እጁን ሰጥቶ ያነሣኝ ራሱ ኪሩቤል ነው። ይህንን በመዝገቡ አልጻፍሁትም።

*

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ግሽ አባይ ደረስሁ። መኪናው ሞተሩ እንደተነሣ ደጅ ቆሟል። እማማ አገርነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትንሽ ጓዛቸው በእግራቸው ሥር ሆኖ፣ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሊከራከሩ አልፈለጉም፤ ደክሟቸዋል። ቃልኪዳን ስታየኝ ቀድማኝ ሄዳ እግራቸው ሥር ወደቀች፤ ያለችውን እኔ አልሰማሁም፣ የሰሙት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩና ለረጅም ጊዜ አላነሱትም።

ፎቶውን ሰጠኋቸው። ጣታቸው ሳይጠየቅ ወደ ልጃቸው ሄደ።

«ይኸው ልጄ» አሉ። «አየኸው ጆሮውን?»

«አየሁት እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው። ልሸፍንላቸው አስቤ ነበር፤ እኒህን ሴት ግን ዓመት ሙሉ ሸፍነንባቸዋል። ጀልባውን፣ ነፋሱን፣ እግሩን፣ ጥላውን ነገርኋቸው። ጥላውን ስነግራቸው ብቻ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሹፌሩ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፣ ሞተሩን አጠፋ።

የአምናውን መዝገብ ይዤ ነበር። ምን ብለህ ጽፈህ ነበር፣ አንብብልኝ አሉኝ። አነበብሁላቸው። «ብቻውን» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ እሳቸው እያዩኝ፣ ሰረዝኋት። የፖሊስ መዝገብ እንዲህ አይታረምም፤ ደንቡን አውቀዋለሁ።

እማማ የተሰረዘችውን ቦታ፣ ማንበብ ባይችሉም፣ ቆይተው አዩት።

«ዓመት ሙሉ ብቻውን፣ ብቻውን እያልሁ ነው ያለቀስሁ» አሉኝ። «ብቻውን ቢሆን ይሻለው ነበር።»